የውድቅዳቂ ብረት ሥራና ጨረር፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በጨረር መከላከል ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ውድቅዳቂ ብረት የምትገዙ፣ የምትለዩና የምትቆርጡ ሁሉ ያሳሰባችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጨረር ያለበት ዕቃ ብረት ውስጥ እንዴት ይገባል? ሰው አውቆ ይጥለዋል እንዴ?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ሳያውቅ ነው። የካንሰር ማከሚያ ማሽን፣ የቧንቧ ብየዳ መፈተሻ፣ በፋብሪካ ጋን ውስጥ የፈሳሽ ከፍታ የሚለካ መሣሪያ፣ እነዚህ ውስጥ ኮባልት-60፣ ሲዚየም-137 ወይም ኢሪዲየም-192 የሚባሉ ጨረር የሚያወጡ ንጥረ ነገሮችን የያዘች ትንሽ እንክብል ልትኖር ትችላለች። ድርጅቱ ሲዘጋ መዝገቡ ይጠፋል፤ ማሽኑም እንደ ተራ ብረት ይሸጣል።

ጥያቄ፦ ዛሬ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ለሁለት ሰው የከበደ ሲሊንደር ገዛን። ምልክቱ ተፍቋል። ልቆርጠው ነበር።

መልስ፦ እባክህ አትቁረጠው! ለመጠኑ ያለልክ የሚከብድ ዕቃ ውስጡ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ ጨረር ለማገድ ይደረጋል። ሠራተኞቹን ቢያንስ 30 ሜትር አርቃቸው፣ ሰው እንዳይጠጋ አድርግ፣ ለአገርህ የጨረር ተቆጣጣሪ ደውል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ የሆነውን ልንገርህ። ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የማከሚያ ማሽን ክፍል አውጥተው ለብረት ነጋዴ ሸጡ። እንክብሉ ሲሰበር የወጣው ሲዚየም በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጥ ነበር። ውበቱ ስላስደነቃቸው ለዘመድና ለጎረቤት አካፈሉት፣ ገላቸውን የቀቡትም ነበሩ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። 112,000 ያህል ሰው ተመርምሮ 249ኙ ተበክለው ተገኙ። ቤተሰቡ የታመመው በዚያ ዕቃ መሆኑን የጠረጠረችው የነጋዴው ሚስት ነበረች። በከረጢት ይዛው ወደ ጤና ባለሥልጣናት ሄደች፤ እሷም ከሞቱት አንዷ ናት። ያቺን ሴት ሁልጊዜ አስባታለሁ። ስንቱን ሰው አድናለች።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ብረት ሲቆርጥ ውሎ ያስመልሰዋል፣ መዳፉም ቀልቷል። ከጨረር ይሆን?

መልስ፦ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲቆረጥ የሚወጣው ጭስም ያቅለሸልሻል፣ ትኩሳትም ያመጣል። ግን ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ነክቶ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ከፍተኛ ጨረር ያገኘው ሰው በሰዓታት ውስጥ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ የዳነ ይመስላል። ትኩስ ነገር ሳይነካ እንደ ቃጠሎ የቀላው ቆዳ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ውኃ ይቋጥራል፤ ፀጉር የሚረግፈው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከሌላ በሽታ ጋር ያምታቱታል፤ ስለዚህ «የማላውቀው ብረት ነክቻለሁ» ብሎ ይንገራቸው። የነጭ የደም ሕዋስ ቆጠራም ተደጋግሞ ይሠራለት።

ጥያቄ፦ አብሬው ብቀመጥ ይተላለፍብኛል?

መልስ፦ እንክብሉ ካልተሰበረ አይተላለፍም። ከተሰበረ እንክብል የወጣ ዱቄት ነክቶት ከሆነ ግን ልብሱን አውልቆ በላስቲክ ያሽገው፣ ገላውን በሳሙና ይታጠብ፣ እጁን ሳይታጠብ ምንም አይብላ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኤክስሬይ ማሽንስ?

መልስ፦ ኤሌክትሪክ ካልገባለት ጨረር አያወጣም።

ጥያቄ፦ እንክብሉ እቶን ውስጥ ገብቶ ቢቀልጥ ጨረሩ አይጠፋም?

መልስ፦ እሳት ጨረርን አያጠፋውም። ኮባልት ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል፣ ሲዚየም ከጭሱና ከአቧራው ጋር ይወጣል። በሜክሲኮ ሁዋሬዝ እንደ ተራ ብረት የተሸጠ የኮባልት ማከሚያ ማሽን ቀልጦ የግንባታ ፌሮ ሆኖ ነበር። የታወቀው እ.ኤ.አ. በጥር 1984 ብረቱን የጫነ መኪና መንገድ ስቶ በአሜሪካ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የጨረር መለኪያ አጠገብ ሲያልፍ ነው።

ጥያቄ፦ መለኪያ ልግዛ?

መልስ፦ ከቻልክ ግዛ። መጀመሪያ ባዶውን ግቢ ለካና ቁጥሩን ያዝ፤ ከዚያ ብዙ እጥፍ የጨመረ ነገር ካገኘህ ራቅ። ርቀትህ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። ግን እርሳስ ጨረሩን ስለሚደብቀው መለኪያው ዝም አለ ብለህ ከባድ ሲሊንደር አትክፈት።

ጥያቄ፦ ሲሊንደሩን የገዛሁት ነኝ። ደውያለሁ፣ እየመጡ ነው። ሥሩ የቆመውን መኪናዬን ላንሳ?

መልስ፦ ተወው። መኪናው ይጠብቃል፣ አንተ ራቅ ብለህ ቆይ።