የተገልጋይን ዘመድና ወዳጅ ወደ ምክክር ስለ መጥራት

«እናትና የ16 ዓመት ልጇ ከተኳረፉ ሳምንታት አልፈዋል፤ አጎትና ጎረቤት ብጠራ ሥራውን ያቀልልኛል ወይስ ያበላሽብኛል?» ብለው ለጠየቁት ባልደረባ መልሴ፣ ይጥሩ፣ የሚጠራውን ሰው ግን እርስዎ አይምረጡ የሚል ነው።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ተመሳሳይ ጉዳይ ሲገጥመኝ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚሰማውን አጎት ልጁን በቅጡ ሳልጠይቅ ጋበዝኩት። አጎትየው ገና ከመቀመጡ ይፈርድ ጀመር፤ ልጁ የጃኬቱን ዚፕ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ሰዓቱ አለቀ። በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዋ አን ሃርትማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዘጋጀችውን ኢኮማፕ፣ ማለትም ቤተሰቡ ከማን ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት እንዳለው የሚያሳየውን ሥዕል፣ አብረን ሠራን። ቤተሰቡ መሐል ባለ ክብ ውስጥ ይገባል፤ ሰዎችና ተቋማት ዙሪያውን ይሰፍራሉ፤ የጠነከረው ግንኙነት በወፍራም፣ የሳሳው በነጠብጣብ፣ ጭቅጭቅ ያለበት ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ በተሰበረ መስመር ይሳላል። ልጁ ወደ አጎቱ የመጋዙን ጥርስ ሲስል አፈርኩ። ወፍራሙ መስመር ያመራው ማናችንም አንስተነው ወደማናውቅ፣ ብስክሌት አብሮት ወደሚጠግን ጎረቤት ነበር።

ጎረቤቱን የጠራሁት እናትም ልጅም ከፈቀዱ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ልጁን ለብቻው «እርሱ ፊት የማይነሳው የትኛው ጉዳይ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ተጋባዥ እንደ እኛ በሙያ ምስጢር የታሰረ አይደለምና ይህ ጥያቄ መዘለል የለበትም። ጎረቤቱ ምክር አላበዛም። ጠብ ሲነሳ ልጁ እርሱ ዘንድ እንዲቆይ፣ እርሱም ለእናትየው «እዚህ ነው» ብሎ እንዲደውል ተስማሙ፤ እናትየው እኩለ ሌሊት ፍለጋ መውጣቷ የቀረው በዚህ ነው።

የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያዎቹ ሮስ ስፔክና ካሮሊን አትኒቭ ከአንድ ቤተሰብ ዘመድ፣ ወዳጅና ጎረቤት 40 እና ከዚያ በላይ ሰው ይሰበስቡ እንደነበር ያነበበ ሰው ያንኑ ልሞክር ቢል አይፈረድበትም፤ ይሁን እንጂ እነርሱ የሚሠሩት በቡድን ነበር። ብቻውን ለሚሠራ ባለሙያ ሁለት ሦስት ተጋባዥ ይበቃዋል ባይ ነኝ። በፊንላንድ ምዕራብ ላፕላንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተጀመረው፣ «ክፍት ውይይት» ከሚባለው የአእምሮ ሕክምና አሠራር የወሰድኩት ግን አለ፤ ስለ ቤተሰቡ የማስበውን ተጋባዡ በተቀመጠበት እናገራለሁ እንጂ ከበር ውጭ ከማንም ጋር አልመክርም።

ከተገልጋዮቹ አንዱ የሚፈራው ወይም እጁን ያነሳበት ሰው ካለ፣ ዘመድ ሁሉ ቢለምንዎትም አይጥሩት። ልጁን ስለ ሰዎቹ ሲጠይቁት «ማን ይወድሃል?» አይበሉት፤ «ባለፈው ስትጣሉ ከቤት ወጥተህ የማንን በር አንኳኳህ?» ቢሉት ስም ይነግርዎታል።