ሰሌዳ ላይ የማይለጠፈው የዩኒቨርሲቲ ሥራ

«በባዮሎጂ ዲግሪ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ጅማ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሥራት እመኛለሁ፤ የማየው ማስታወቂያ ሁሉ ግን ማስተርስ ያለው መምህር ይፈልጋል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በር ብቻ ስታንኳኪ ቆይተሻል። ዩኒቨርሲቲ መምህር ብቻ አይደለም የሚቀጥረው። በሰው ሀብት በኩል የላብራቶሪ ቴክኒሽያን፣ የሬጅስትራር ባለሙያ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛም ይፈለጋል። እዚህ ላይ የማመልከቻውን ቀን ተጠንቀቂ። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ» የሚለው ቆጠራ አንቺ ቴሌግራም ላይ ካየሽበት ቀን አይጀምርም። ስለዚህ ሰሌዳውን ራስሽ ሄደሽ እዪው።

ለአንቺ የሚበጀው ግን ሌላኛው በር ይመስለኛል፤ የምርምር ፕሮጀክት። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከለጋሽ ይመጣል፣ ሰው የሚመርጠውም ጥናቱን የሚመራው ተመራማሪ ነው። ማስታወቂያ ሳይለጠፍ በሰው በሰው የሚሞላም አለ። ቅጥሩ በኮንትራት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያበቃል። ይህን አውቀሽ ግቢበት።

ደግሞ ያለሽው ጅማ ነው! ዩኒቨርሲቲው ሰኮሩ ላይ የሐሩር በሽታዎች ምርምር ማዕከል አለው። በወባ ትንኝ ላይ ብዙ ተሠርቷል። በፈረንጆቹ 2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ወባ አስተላላፊ ትንኝ ከተገኘች ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የከተማም ሆኗል፤ ይህቺ ትንኝ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። እንዲህ ዓይነት ጥናት ላይ የባዮሎጂ ምሩቅ ይጠቅማል። ወጥመድ የሚተክል፣ ጠዋት የተያዘውን የሚለይ፣ የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋል።

እስቲ ተለማመጂ። አንድ ትንኝ ማይክሮስኮፕ ስር አድርጊ። አንቴናው እንደ ላባ ጸጉራም ከሆነ ወንድ ነው። የሴቷ ሳሳ ያለ ነው። ቀጥሎ የአፏን ግራና ቀኝ እዪ፤ እነዚያ ሁለቱ ዘንጎች የመንደፊያዋን ያህል ከረዘሙ አኖፊለስ፣ ማለትም የወባ ትንኝ ወገን ናት። ይህን በእጅሽ ሠርተሽ የምታሳዪ ከሆነ ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ ማውራት አይጠበቅብሽም። ኦዲኬ (ODK) ወይም ኮቦ በሚባሉት የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያዎች ላይ መረጃ መሙላትም ተማሪ፤ ስልክሽ ይበቃል።

ከዚያ በዘርፉ የሚሠራ አንድ ተመራማሪ ምረጪ። ጽሑፉን አንብቢ። አጭር ኢሜይል ላኪ፤ ያነበብሽውን፣ የምትችዪውን፣ መስክ ለመውጣት ዝግጁ መሆንሽን ብቻ ጻፊ። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» አትበዪ፤ ለማን እንደሚሆን የማያውቅ ሲቪ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በሳምንቱ መልስ ካልመጣ አንዴ አስታውሺ። ሥራ አስገባሻለሁ ብሎ ብር የሚጠይቅሽ ካለ ግን ስልኩን ዝጊው።

ሌላው ወረቀት ነው። የግል ድርጅት ውስጥ ሠርተሽ ከሆነ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ግብር መከፈሉን ይግለጽ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ያለዚያ አይቀበልም። የኮስት ሼሪንግ ጉዳይሽንም አጣሪ። ጥሪው ሲመጣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ፍለጋ እንዳትሯሯጪ በዚህ ሳምንት ሬጅስትራር ሂጂ።