ዕጩው ምን ያህል ምስጢር ይነገረዋል? የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶች

በአሜሪካ ምርጫ ሰሞን ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩ ዕጩዎች ስለሚያገኙት የደኅንነት ገለጻ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ጥቂቶቹን ከዚህ በታች መልሻለሁ። ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ገና ያልተመረጠ ሰው የመንግሥት ምስጢር የሚነገረው ለምንድን ነው? ቢሸነፍስ የሰማውን ይዞ ወደ ቤቱ ሊገባ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የልማዱ መነሻ አንድ ሰው ሳይዘጋጅ የወደቀበት ሸክም ነው። ሃሪ ትሩማን ለ82 ቀናት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ሲያገለግሉ ስለ አቶሚክ ቦምቡ ሥራ በወጉ የነገራቸው አልነበረም። ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ፍራንክሊን ሩዝቬልት በድንገት ሞተው ትሩማን ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ምሽት፣ የካቢኔው ስብሰባ ሲበተን የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ወደ ኋላ ቀሩና፣ ለማመን የሚከብድ ኃይል ያለው አዲስ ፈንጂ እየተሠራ መሆኑን በአጭሩ ነገሯቸው። ዝርዝሩን የሰሙት ኤፕሪል 25 ሲሆን፣ ኦገስት 6 ቀን ቦምቡ ሂሮሺማ ላይ ወደቀ። እኚሁ ሰው በ1952 ሥልጣን ለመልቀቅ ሲዘጋጁ፣ ተተኪያቸው እሳቸው በገቡበት መንገድ እንዳይገባ ሲሉ ለሪፐብሊካኑ ድዋይት አይዘንሃወርም ለዴሞክራቱ አድላይ ስቲቨንሰንም የሲአይኤ ገለጻ እንዲሰጣቸው አደረጉ።

ተሸናፊው የሰማውን ይዞ ወደ ቤቱ መግባቱ እውነት ነው። ሆኖም ከሁለቱ አንዱ ዋይት ሐውስ እንደሚገባ እርግጥ ሆኖ የትኛው እንደሆነ በማይታወቅበት ጊዜ፣ ለአንዱ ነግሮ ሌላውን መተው የስለላ ድርጅቱን ራሱን የምርጫ ዘመቻው አካል ያደርገዋል። አላስፈላጊ ለሚሆነው ሰው መንገር፣ ለሚያስፈልገው ሳይነግሩ ከመቅረት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ለዕጩ የሚነገረው ለፕሬዚዳንቱ ከሚነገረው ጋር አንድ ነው? ሕጉስ ምን ይላል? (ከአትላንታ)

መልስ፦ አንድ አይደለም። ከምርጫው በፊት የሚሰጠው ገለጻ ስለ አገሮች፣ ስለ ጦርነቶችና ስለ ሽብር ሥጋቶች የተዘጋጀ ትንታኔ ነው። መረጃው ከማን እንደተገኘ፣ በምን ዘዴ እንደተሰበሰበና በስውር ምን እየተካሄደ እንደሆነ ለዕጩ አይነገረውም። ያሸነፈው ሰው ግን ሥልጣን ከመረከቡ በፊትም ቢሆን ፕሬዚዳንቱ በየዕለቱ የሚያነቡትን ሰነድ እንዲያነብ ይፈቀድለታል። ይህ ሰነድ በ1961 ለኬኔዲ በትንሽ ጥራዝ መዘጋጀት የጀመረና በ1964 የፕሬዚዳንቱ ዕለታዊ ገለጻ የሚለውን ስም ያገኘ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ለዕጩ ገለጻ ስጡ ብሎ የሚያስገድድ ድንጋጌ የለም። ጉዳዩ በሥልጣን ላይ ባለው ፕሬዚዳንት ፈቃድ የቆመ ልማድ ሲሆን፣ ዕጩውም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ የኋላ ታሪኩ ተመርምሮ የምስጢር ፈቃድ አይሰጠውም። በየመሥሪያ ቤቱ በር መታወቂያ አንጠልጥለን ለምንገባ ሰዎች ይህ ግር ሊለን ይችላል፤ ይሁንና ዕጩን ፈትሾ የሚያሳልፈው ወይም የሚጥለው የስለላ ድርጅት ቢሆን ኖሮ፣ መራጩ ከመወሰኑ በፊት ድርጅቱ ወስኖ ባለቀ ነበር።

ጥያቄ፦ ኬኔዲ በገለጻ የሰሙትን በክርክር ላይ ተጠቅመውበታል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? (ከለንደን)

መልስ፦ ክሱን ያቀረቡት ተቀናቃኛቸው ሪቻርድ ኒክሰን ናቸው። በ1960 የሲአይኤው ዳይሬክተር አለን ደለስ ለኬኔዲ ሁለት ጊዜ ገለጻ ያደረጉ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በጁላይ ወር ሃያኒስ ፖርት በሚገኘው የቤተሰቡ መኖሪያ ነበር። ኦክቶበር 20 የኬኔዲ ዘመቻ ለኩባው መሪ ለፊደል ካስትሮ ተቃዋሚዎች ድጋፍ እንዲሰጥ የሚጠይቅ መግለጫ አወጣ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ኒክሰን ደግሞ ሲአይኤ የኩባ ስደተኞችን በስውር እያሠለጠነ መሆኑን ያውቁ ነበር። በማግሥቱ በነበረው አራተኛው የቴሌቪዥን ክርክር ምስጢሩን ላለማጋለጥ ሲሉ፣ በልባቸው የሚደግፉትን ሐሳብ አደገኛ ነው ብለው ለመቃወም ተገደዱ። በ1962 ባሳተሙት መጽሐፍ ኬኔዲ ስለ ሥልጠናው በገለጻው ሰምተው እያወቁ እንደተጠቀሙበት ጻፉ። ደለስ ግን ለኬኔዲ ስለ ኩባ ሁኔታ እንጂ ስለ ስውሩ ዘመቻ እንዳልነገሯቸው ገልጸው፣ ነገሩ አለመግባባት ነው አሉ። ኬኔዲ በእነዚህ ስደተኞች ኩባን የመውረሩን ዕቅድ ከደለስና የሲአይኤን ስውር ዘመቻዎች ከሚመሩት ከሪቻርድ ቢስል የሰሙት ካሸነፉ በኋላ፣ ኖቬምበር 18 ቀን ፓልም ቢች ውስጥ ነው።

እኔ የደለስን ቃል አምናለሁ፤ ምክንያቱም ስውር ዘመቻን ለዕጩ አለመንገር በዚያን ጊዜም የታወቀ አሠራር ነበር። የኒክሰን ቅሬታ ግን ከንቱ አይደለም። ምስጢሩን የሚያውቀው ሰው አፉ ተለጉሞ፣ የማያውቀው እንደልቡ የሚናገርበት ክርክር ለአንዱ ያደላል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ገለጻ ሊያስተካክለው አይችልም።

ጥያቄ፦ ዶናልድ ትራምፕ በ2024 ገለጻውን አልቀበልም ያሉት ለምንድን ነው? እምቢ ማለትስ ይቻላል? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ይቻላል፤ በ1964 የሪፐብሊካኑ ዕጩ ባሪ ጎልድዋተርም አልፈልግም ብለዋል። ትራምፕ በኦገስት 2024 በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ ገለጻውን ቢቀበሉ ሌላ ሰው ያወጣውን ምስጢር እርስዎ ነዎት ያወጡት እንደሚሏቸው ተናገሩ። ምስጢራዊ ሰነዶችን አላግባብ ይዘዋል ተብለው በ2023 መከሰሳቸውና ክሱ በዳኛ ውድቅ ከተደረገ በዚያን ጊዜ አንድ ወር ያህል ብቻ ማለፉ መዘንጋት የለበትም። ያም ሆኖ በሴፕቴምበር ወር ኢራን በሕይወታቸው ላይ ስላሰበችው ጥቃት ከብሔራዊ የመረጃ ዳይሬክተሩ መሥሪያ ቤት ማብራሪያ ተሰጥቷቸዋል።

ጥርጣሬው ግን ከዚያ የቆየ ነው። ኦገስት 17 ቀን 2016 ትራምፕ ከአማካሪዎቻቸው ከማይክል ፍሊንና ከክሪስ ክሪስቲ ጋር ሆነው በኒው ዮርክ የኤፍቢአይ ቢሮ ገለጻ ሲሰሙ፣ ከገለጻ ሰጪዎቹ ጋር የተቀመጠ አንድ የኤፍቢአይ ኃላፊ ነበር። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና መርማሪ በዲሴምበር 2019 ባወጡት ሪፖርት እንደተገለጸው፣ ሰውዬው የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ኤፍቢአይ የትራምፕ ዘመቻ ከሩሲያ ጋር ነበረው ስለተባለው ግንኙነት በሚያካሂደው ምርመራ መዝገብ የተከፈተበትን ፍሊንን በቅርብ እንዲታዘብ ነበር፤ ያየውንም ጽፎ ከምርመራው መዝገብ ጋር አያይዞታል። በምርመራው ጉዳይ ላይ አንባብያን የተለያየ አቋም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህን ድርጊት ግን ስህተት ከማለት ሌላ ቃል የለኝም። ገለጻው ዋጋ የሚኖረው ዕጩው አላዋቂነቱን ሳይፈራ መጠየቅ ሲችል ነው፤ የሚጠይቀው ሁሉ እንደሚመዘገብበት ያወቀ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ሰምቶ ይወጣል፣ ወይም ጭራሹን አይመጣም። ኤፍቢአይም ከሪፖርቱ በኋላ እንዲህ ያለውን ገለጻ ለምርመራ ሥራ እንደማይጠቀምበት አስታውቋል።

ጥያቄ፦ ገለጻው የሚሰጠው የት ነው? (ከዳላስ)

መልስ፦ ዕጩው ባለበት። በ1976 የሲአይኤው ዳይሬክተር ጆርጅ ቡሽ፣ ማለትም በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት አባት ቡሽ፣ የተቀናቃኝ ፓርቲ ዕጩ ለነበሩት ጂሚ ካርተር ገለጻ ለመስጠት የኦቾሎኒ ገበሬዎች ከተማ ወደሆነችው ፕሌንስ፣ ጆርጂያ ድረስ ሄደዋል። በ1992 ቢል ክሊንተን ሲያሸንፉ ደግሞ የሲአይኤ ባለሙያዎች ሊትል ሮክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ከሚገኝ ርካሽ ሆቴል ክፍሎች ተከራይተው ሠርተዋል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ድካም ጥቅም አለው? ፖለቲከኛ መች ይሰማል? (ከሲያትል)

መልስ፦ እንደ ሰሚው ነው። በሴፕቴምበር 2000 መጀመሪያ ልጅ ቡሽ በቴክሳስ ክሮፎርድ ለሰዓታት ገለጻ ሲሰሙ፣ ከባለሙያዎቹ አንዱ በሚቀጥሉት አራት ዓመታት አሜሪካውያን በሽብር ጥቃት እንደሚሞቱ በግልጽ ነግሯቸዋል። ቡሽ በጥሞና የሚሰሙና የሚጠይቁ ሰው እንደነበሩ ይነገራል፤ ጥቃቱ ግን በዓመቱ ደረሰ። በሌላው ጫፍ የምናገኘው እነዚያኑ ኒክሰንን ነው። በ1968 ካሸነፉ በኋላ ሲአይኤ ለእሳቸው ሲል ኒው ዮርክ ውስጥ ጊዜያዊ ቢሮ ከፈተ፤ ዕለታዊውንም ሰነድ በታሸገ ፖስታ እያደረገ ፒየር ሆቴል ወደሚገኘው ጽሕፈት ቤታቸው በየቀኑ ይልክ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ፖስታዎቹ ተቆልለው ተመለሱ፤ አንዳቸውም አልተከፈቱም ነበር።