መቀሱን ኪስ ውስጥ ስከተው

ይህን የምጽፈው የራሳችሁን ምስል በዘይት ቀለም ልትሠሩ ለምታስቡ ወጣቶች ነው። ፊታችሁን ከመስታወት መገልበጥ ብቻ ሳይሆን ሕይወታችሁንም በምልክት መናገር ለምትፈልጉ።

የመጀመሪያዬን የሠራሁት በ22 ዓመቴ ነው። የተበጠሰ ሰንሰለት፣ የሚበር ወፍ፣ የሚቀልጥ ሻማ፣ የቆመ ሰዓት፣ ያልጨመርኩበት ነገር አልነበረም። ብዙ ሰው ወደደው። አንድ ጓደኛዬ ግን ቆሞ ሲያየው ቆየና «አንተ የታለህ?» አለኝ። አመመኝ፤ ግን እውነቱን ነበር። ወፉም ሻማውም የማንም ሰው ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

ሜክሲኳዊቷን ሠዓሊ ፍሪዳ ካህሎን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1925 የተሳፈረችበት አውቶቡስ ተጋጭቶ አከርካሪዋ ተሰበረ። በ1944 ራሷን ስትስል በአከርካሪዋ ቦታ የተሰነጣጠቀ ዓምድ አቆመች፣ ገላዋ ላይ ምስማር ተከለች። ሕመሟ ነው ዓምዱን የመረጠው። የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎህ ደግሞ በ1888 ባዶ ወንበር ሳለና ፒፓውንና ትምባሆውን አስቀመጠበት። ሰው የለበትም፤ እኔ ግን ቫን ጎህን እዚያ ወንበር ላይ አየዋለሁ።

ስለዚህ ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ዞር ዞር በሉ። እጃችሁ ሳታስቡት የሚያነሳው ነገር ምንድነው? ልትጥሉት ፈልጋችሁ ያቃታችሁስ? የእኔ የእናቴ መቀስ ሆኖ ተገኘ። ልብስ ሰፊ ነበረች፣ በዚያ መቀስ ነው ያሳደገችኝ።

ዘይት ቀለም ቶሎ አለመድረቁን እንደ ችግር አትዩት። እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፣ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፤ ስለዚህ ሐሳብ ለመቀየር ጊዜ አላችሁ፣ ያላማራችሁን በጨርቅ ጥረጉና እንደገና ጀምሩ። የታችኛውን ንብርብር ተርፔንታይን በሚባለው የቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ አቅጥኑት፣ ወደ ላይ ስትሄዱ የተልባ ዘይቱን ጨምሩ። ከገለበጣችሁት ላዩ ከስሩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። መስኮት ክፈቱ። ደግሞ አደራ፣ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨማድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፣ በራሱ ጊዜ እሳት ሊነሳበት ይችላል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት።

መቀሱን መጀመሪያ ደረቴ ላይ ነበር የሳልኩት፣ ትልቅና ጥቁር አድርጌ። ሦስት ሳምንት ታገልኩት። ምስሉን ያየ ሁሉ ስለ መቀሱ ብቻ ይጠይቀኝ ነበር፣ ዓይኔን የሚያይ ጠፋ። በመጨረሻ በሸሚዜ ነጭ ቀለም ሸፈንኩትና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ እጀታው ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ያን ቀን እናቴ መጥታ አየችው። ምንም አላለችም፣ እጀታውን በጣቷ ልትነካ ስትል «ገና አልደረቀም እማ» አልኳት።

ዘይት ቀለም ሲያረጅ ስሩን ማሳየት ይጀምራል። ይኸው ከ30 ዓመት በኋላ የሸፈንኩት መቀስ ከነጩ ሸሚዝ ስር ብዥ ብሎ እየወጣ ነው። ልጄ «ለምን አታስተካክለውም?» ትለኛለች። አልነካውም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።