ከመስቀያው ላይ አውርጂው

ልጄ፣

የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። ከአሮጌ ልብስ ገበያ ያገኘሽው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1920ዎቹ ጥቁር ቀሚስ፣ ከነዶቃው፣ በር ላይ በመስቀያ ተንጠልጥሏል። «ለእህቴ ሠርግ ልልበሰው ወይ?» ብለሻል። ከመልሱ በፊት ስለ ሌላ ቀሚስ ልንገርሽ። ፎቶሽን ሳይ እሱ ነው የመጣብኝ፤ በእጄ ስለጠፋ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀሚሱ ጆርጄት የሚባል ስስ የሐር ጨርቅ ነበር፤ ከትከሻ እስከ ጉልበት፣ ፊቱም ጀርባውም፣ በብርጭቆ ዶቃና በሲኩዊን፣ ማለትም በሚያብረቀርቁ ትናንሽ ክብ ዝርግ ጌጦች፣ የተሸፈነ። ጨርቁ ብቻውን 200 ግራም አይሞላም፤ ከነዶቃው ግን ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያ ሁሉ ሸክም የተንጠለጠለው ሁለት ጣት በማትሞላ የትከሻ ስፌት ላይ ነው። ሁለት ሳምንት መስቀያ ላይ ቆየ። ከስፌቱ አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች፤ በማግስቱ ጣት ታስገባለች። ክሩ አልተበጠሰም፤ የተቀደደው ጨርቁ ነው።

ምክንያቱ ይኸውልሽ። ሐር ከትሉ ይዞት የሚመጣው ሙጫ በፋብሪካ ታጥቦ ሲወጣ ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ነጋዴው በክብደት ስለሚሸጥ፣ ጨርቁም ከበድ ብሎ እንዲወርድ ስለሚፈለግ፣ የዚያ ዘመን ፋብሪካዎች የጎደለውን በቆርቆሮ ጨው ይሞሉት ነበር። ያ ጨው ከዓመታት በኋላ ሐሩን ያደርቀውና ይሰባብረዋል። እንዲህ ያለውን ሐር በመርፌና በክር ጥብቅ አድርጎ መስፋት ቁስሉን ማስፋት ነው፤ መርፌው የገባበት ቀዳዳ ሁሉ አዲስ ቅድ ይሆናል። ያ ቀሚስም የተሰፋው እንደዚያ ነበር፤ በስፌቱ ግራና ቀኝ ሁለት አዳዲስ ስንጥቆች ወጡ። መደረግ የነበረበት ከሥሩ ቱል፣ ማለትም እንደ መረብ ያለ ስስ የሐር ጨርቅ፣ አንጥፎ፣ በቀጭን ክር ላላ አድርጎ ይዞ፣ ሸክሙን ወደ ቱሉ ማዛወር ነበር።

ቀጥሎ ዶቃው ረገፈ። የፓሪስ ጥልፍ ሠሪዎች ዶቃ የሚሰፉት ከጨርቁ ጀርባ፣ በቆልማማ መርፌ፣ እንደ ሰንሰለት እያያያዙ ነው። ሥራው ይፈጥናል፤ ነገር ግን አንዱ ክር ከተበጠሰ፣ ጫፉንም ከሳብሽው፣ መስመሩ በሙሉ ይተረተራል። አይሳብም! በመርፌ ወደ ጀርባ አሳልፈሽ ታስሪዋለሽ።

የመጨረሻው ጥፋት የእንፋሎት ነው። መጨማደዱን ለማቃናት እንፋሎት ተነፋበት። የዚያን ጊዜ ሲኩዊን አብዛኛው የተሠራው ከጄላቲን፣ ማለትም ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ከሚወጣ ሙጫ ነው። ሙቀትና ውሃ ሲያገኘው ይጠቀለላል፣ ይቀልጣል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። እንደ ዓሣ ቅርፊት ያበራ የነበረው ደረት ደብዝዞ ቀረ፤ የሚመልሰውም አልተገኘም።

ስለዚህ መልሴ፦ አትልበሺው፤ ቅጂው። ዶቃውን አይደለም፤ ቅርጹን። የእናንተ ዘመን ልጆች «የሃያዎቹ ልብስ» ሲባል ዘርፍ የተንጠለጠለበት አጭር የፖሊስተር ቀሚስና የግንባር ላባ ይመስላችኋል፤ ለአንድ ምሽት ትገዙታላችሁ፣ ከዚያ ይጣላል። ይህ ያሳዝነኛል። የዚያ ዘመን ውበት በጨርቁ አወራረድ ላይ ነው። ዘርፍ የነበራቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ጉልበት አካባቢ የደረሰው ቀሚስም የ1926ና የ1927 ነው እንጂ፣ በ1922 ገና ወደ ቁርጭምጭሚት የሚጠጋ ነበር።

የዳሌሽን ዙሪያ ለኪ፣ 10 ሴንቲሜትር ጨምሪ፣ ለሁለት ክፈይ፤ የፊቱ ስፋት ያ ነው፣ የጀርባውም እንዲሁ። ርዝመቱ ከትከሻ እስከ ጉልበት፣ ከዚያ 5 ሴንቲሜትር ዝቅ። ከትከሻው 23 ሴንቲሜትር ለእጅ ክፍት ትተሽ ጎኑን ስፊ። 140 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ 2 ሜትር ተኩል ይበቃል። ሐር ካልቻልሽ የቪስኮስ ክሬፕ ግዢ፤ «ሰው ሠራሽ ሐር» እየተባለ ያኔም ይለበስ ነበር። ሳትቆርጪው ውሃ አስነኪው፣ ይሰበሰባልና። ፖሊስተር ግን ብዙውን ጊዜ ከሰውነት ርቆ ይቆማል። በሀገራችን መነን የሞከሩትን አይቻለሁ፤ ጥጡ ደረቅ ስለሆነ ዳሌ ላይ ይነፋል። ለነጠላ እንጂ ለዚህ ቅርጽ አይሆንም።

ደረቷ ሞላ ላለች ሴት ይህ ቀሚስ ከጡት ጀምሮ እንደ ድንኳን ይወርዳል። መፍትሔው ከጎን ስፌቱ ወደ ጡት የምትሄድ አንዲት ትንሽ እጥፋት ናት፤ የዚያን ዘመን ሰፊዎችም ያደርጓት ነበር። የዳሌ መታጠቂያውንም ከወገብሽ 10 ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ አድርጊው፤ 20 ካደረግሽው እግርሽ ያጥራል። በታችኛው ጠርዝ ውስጥ አንድ መስመር የብርጭቆ ዶቃ ብትሰፊ ክብደቱ ጨርቁን ቀጥ አድርጎ ይስበዋል። የፓሪሷ ልብስ ነዳፊ ማድሌን ቪዮኔ እንደታወቀችበት በሰያፍ ከቆረጥሽው ግን 2 ቀን ስቀዪው፣ ጨርቁ በክብደቱ ወርዶ ይርዘም፣ ጠርዙን ከዚያ በኋላ ከወለሉ ለክተሽ እጠፊ። አዲሱ ይሰቀላል፤ አሮጌው ነው የማይሰቀለው።

ለሥራ ቀንማ ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ይበቃል። 120 ሴንቲሜትር የሆነ የሉል ሐብል በተራ ጥቁር ሹራብ ላይ፣ ወይም 5 ሴንቲሜትር ታኮ ያለው ባለማሰሪያ ጫማ፣ ወይም የከፋይ ካፖርት። ሦስቱን አንድ ላይ ካደረግሽ የመድረክ ልብስ ይሆናል።

አትልበሺው አልኩሽ። ነገር ግን ያ ልብስ ለቻርልስተን ጭፈራ፣ እግር እንዲወረወርበት ነው የተሰፋው፤ ሣጥን ውስጥ ብቻ ሲኖር ማሰቡም ያመኛል። እንግዲያው ትከሻውን ብርሃን ፊት ያዢው። ስንጥቅ ከሌለ፣ በውስጥ በኩል የረገፈ ሲኩዊን በረጠበ ጣትሽ ስትነኪውም ካልተጣበቀ፣ ለአንድ ፎቶ ያህል ቆመሽ ልበሺው። ሽቶ አይነካው፤ አትቀመጪበት፣ ዶቃው ይሰበራል፣ ሐሩን ይቆርጠዋል።

አሁን ግን አውርጂው። ብቻሽን አይሆንም፤ እህትሽን ጥሪ። ንጹሕ አንሶላ አልጋ ላይ አንጥፉ፤ አንዳችሁ ቀሚሱን ከሥር በሁለት ክንድ ደግፋችሁ ሸክሙን ስትቀበሉ፣ ሌላዋ መስቀያውን ታውጣ። ጀርባው ወደ ታች ይተኛ። መታጠፍ ካለበት በእጥፋቱ ውስጥ አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት ጠቅልላችሁ አስገቡ። ፕላስቲክ ውስጥ አይግባ፣ እርጥበት ይይዛል። የረገፈውን ዶቃ በትንሽ ፖስታ ሰብስቢና ከቀሚሱ ጋር አስቀምጪው።