ፎርሙላ እየጻፍኩ ማክሮው ለምን እምቢ ይለኛል?

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሠራተኞችን ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኝ። የኤክሴል የገቢ ግብር ፎርሙላችን በኢፍ (“እንዲህ ከሆነ” በሚለው ትእዛዝ) ላይ ኢፍ የተደራረበበት ስለሆነ በየወሩ መጻፉ ሰለቸኝ። በማክሮ (ሥራን ቀድቶ በአቋራጭ ቁልፍ በሚደግመው የኤክሴል መሣሪያ) ቀዳሁትና ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቲ በሚል አቋራጭ አስቀመጥኩት። ግን ሴሉ ውስጥ የእኩል ምልክት ጽፌ አቋራጩን ስጫን ምንም አይሠራም። ኤክሴሌ ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ኤክሴልሽ ደህና ነው እህቴ። ሴል ውስጥ መጻፍ ከጀመርሽ ኤንተር ወይም ኤስኬፕ እስክትጫኚ ድረስ ማክሮ አይነሳም። ከታች በግራ ጥግ ያለውን ጽሑፍ እይው። “ሬዲ” የነበረው “ኤንተር” ወይም “ኤዲት” ይሆናል። ሬዲ ካላለ አቋራጩን ብትደጋግሚውም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ምንም ሳትጽፊ ባዶውን ሴል ምረጪና አቋራጩን ተጫኚ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ ማክሮ ከሠራ በኋላ ኮንትሮልና ዜድ ወደ ኋላ አይመልስሽም። መጀመሪያ ፋይሉን ሴቭ አድርጊ።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ማክሮው ውስጥ የተቀዳው ፎርሙላ ነው። መቼ ነው የቀዳሽው? ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. በፊት ከሆነ የያዘው የድሮውን የግብር መጠን ነው። 12,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በድሮው ስሌት 2,700 ብር ግብር ይቆረጥበት ነበር። በአዲሱ 2,250 ነው። በየወሩ 450 ብር የሰው ልጅ ደመወዝ ያላግባብ ይሄዳል ማለት ነው፤ ሠራተኛውም ፔሮሉ (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) ላይ ሲፈርም አያውቀውም። ማክሮ ውስጥ የተቀበረ ቁጥር አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከፍቶ የሚያየው የለም።

ደግሞም ይህ ፎርሙላ ኢፍ ጭራሽ አያስፈልገውም። ደመወዙ ሲ2 ላይ ነው እንበል። ዲ2 ላይ እንዲህ ጻፊ፦

=ማክስ(0, ሲ2*15%-300, ሲ2*20%-500, ሲ2*25%-850, ሲ2*30%-1350, ሲ2*35%-2050)

ማክስና ሲ2 በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ። ማክስ ከስድስቱ ውጤቶች ትልቁን ይወስዳል። የግብር መጠኑ ከገቢው ጋር እያደገ ስለሚሄድ ትልቁ ውጤት ሁልጊዜ ትክክለኛው ግብር ነው። በ12,000 ሞክሪው፤ የ25 በመቶው መስመር 2,150፣ የ30ው 2,250፣ የ35ቱ ደግሞ 2,150 ይሰጣል። ትልቁ 2,250 ነው፤ በቃ።

ለሁሉም ሠራተኛ በአንዴ ለመሙላት የዲን ዓምድ ከዲ2 እስከ መጨረሻው ሠራተኛ ምረጪ፣ ፎርሙላውን ጻፊና በኤንተር ፈንታ ኮንትሮል ይዘሽ ኤንተር ተጫኚ። ሲ2 በየመስመሩ ሲ3፣ ሲ4 እያለ ራሱ ይቀየራል። ማክሮ የፈለግሽበት ሥራ ይኸው ያለ ማክሮ አለቀ። ጡረታው፣ ማለትም ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ፣ በሌላ ዓምድ ይሁን። የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዙ ስለሆነ ከግብሩ ጋር አታደባልቂው።

ፔሮሉን ለፊርማ ከማውጣትሽ በፊት ሲ ዓምድ ላይ 2,000፣ 7,000 እና 14,000 አስገብተሽ ፈትኚው። ግብሩ በተራ ዜሮ፣ 900 እና 2,850 መሆን አለበት። አንዱ እንኳ ከተለየ ፎርሙላው ውስጥ የሳትሽው ቁጥር አለ፤ ፈልገሽ ሳታገኚው ፕሪንት አታድርጊ።