የሳንባ ምቹ ለቀቀኝ፣ እንቅልፉ ግን አልመጣም፦ ሲስተርን እንጠይቅ

ጡረታ የወጡት ነርሳችን የዛሬ ምሽት ጥያቄዎችን ይመልሳሉ።

ከመሐል ሜዳ፦ ሲስተር፣ የሳንባ ምች ይዞኝ ተኝቼ ታክሜ ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ማታ ጋደም ስል ሳሉ ይነሣብኛል።

ሲስተር፦ ራስጌህን ከፍ አድርግ። ትራስ መደራረብ አንገት ያጥፋል፤ ጋቢ አጣጥፈህ ከፍራሹ ሥር አስገባ። ሳሉ 6 ሳምንት፣ ድካሙ 3 ወር ቢቆይ አይግረምህ። ይልቅ መኝታ ቤት ከሰል ታስገባለህ? የመንዝን ብርድ አውቀዋለሁ። ግን የከሰል መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። ደምህ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ደብረ ብርሃን እንኳ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እናንተ ከዚያም በላይ ናችሁ። አየሩ ስስ ነው፣ እንቅልፍ ላይ ደግሞ ትንፋሽ ይቀንሳል፣ ሳንባህ ገና አልጠገነም። ቤቱን ቀድመህ አሙቅ፣ ማንደጃውን አውጣ፣ አናፍሰው፣ ባናህን ደርበህ ተኛ።

ከደብረ ሲና፦ ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት በቀን አንዴ ታዞልኝ ከራት በኋላ እወስዳለሁ። ዓይኔ ፈጦ ያድራል።

ሲስተር፦ ታዲያስ! እንቅልፍ የሚነሣሽ እሱ ነው፤ ጠዋት ቁርስ በልተሽ ውሰጂው። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪ።

ከሸዋ ሮቢት፦ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ምን ይሻላል?

ሲስተር፦ ሳል ነው? ላብ ነው? ሐሳብ ነው? እንዲህ ተጠይቆ ምን ይመለሳል? ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈውና ሌሊት ላብ ካጠመቀህ፣ አክታህን ለቲቢ አስመርምር።

ከጣርማ በር፦ አንድ መለኪያ አረቄ ነው መድኃኒቱ።

ከአንኮበር፦ ኧረ ዳማከሴ!

ከጣርማ በር፦ ዳማከሴ ለምች ነው።

ከአንኮበር፦ የሳንባ ምችስ ምች አይደል?

ሲስተር፦ ስሙ ነው እንጂ በሽታው ሌላ ነው፤ ይሄ ጀርም ነው። አረቄም ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳል፣ ትንፋሽም ያዳክማል። ተውት።

ከአንኮበር፦ እሺ፣ ለእናቴ የሚያስተኛውን ኪኒን፣ ዲያዜፓም ብገዛላትስ?

ሲስተር፦ እሱም ትንፋሽ ያዳክማል። ያለ ሐኪም አይሆንም።

ከደብረ ብርሃን፦ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ማሽን 92 ይላል። ከ95 በታች አደጋ ነው አሉኝ።

ሲስተር፦ የቆላ ሰው ቁጥር ነው የነገሩህ። እዚህ ደጋ ላይ ጤነኛውም ከ95 በታች ሊሆን ይችላል። ከሆስፒታል ስትወጣ ስንት ነበር? ከዚያ እየወረደ ከሄደ፣ ከንፈርህ ከጠቆረ፣ ቁጭ ብለህም ትንፋሽ ካጠረህ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂድ።

ከመሐል ሜዳ፦ ሲስተር፣ ከሰሉን በሩን ገርበብ አድርጌ ባስገባውስ?

ሲስተር፦ አማርኛ ነው የተናገርኩት። ማንደጃው ውጭ!